ሱሉልታ ላይ እምቢ ያለው ሞተር

ሱሉልታ፣ መስከረም 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ፍቄ፣

እናትህ በሕይወት ብትኖር የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ይበላል ወይ?» ነበር። እኔም የአክስቷ ልጅ ነኝና በእሷ ፈንታ ከዚያው ልጀምር፤ ትበላለህ? ትተኛለህ? ዘመኑን የለወጠልን አምላክ ባለህበት በቀኝ ያውልህ። እኛም፣ ሳህሉና እኔ፣ ሁለቱ ላሞችም፣ ክረምቱ ሳይጨርሰን መስከረምን ያዝነው።

የላክኸው የሣር ማጨጃ ማሽን ደርሷል። ሳህሉ ሳጥኑን ሲከፍት የሙሽራ ዓይነ ርግብ የሚገልጥ ይመስል ነበር። አጥቦ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ የራሱን የዝናብ ልብስ አለበሰውና እሱ እየረጠበ ወተት ሊያደርስ ሄደ። ወገቡን ካመመው ወዲህ ማጭድ ይዞ ማጎንበስ እንዳቃተው የነገርኩህን አለመርሳትህ ደስ ብሎታል፤ አፍ አውጥቶ ባይናገርም። ባሌን ታውቀዋለህ።

ጎረቤታችን ኦቦ ዱቤ ግን ሊያየው መጥቶ ዙሪያውን ዞረውና ሳቀ። ለድርቆሽ የሚሆን ሣር ረጅም መሆን አለበት፤ ይታሰራል፣ ይከመራል። ይህ ማሽን ደግሞ እንደ ጎመን ይከትፈዋል። «ላሚቱን ከማኘክ የሚያሳርፍ ጥርስ ነው የላከላችሁ» አለ ኦቦ ዱቤ። እንዳትቀየም፤ እሱ የሚወደውን ሰው ነው የሚተርበው።

ሳህሉ ዘዴ አሰበ። ከመንገዱ በላይ አዲስ የተሠሩት ቪላዎች ግቢያቸው በሣር ተውጧል። ባለቤቶቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ ዘበኞቹ ሣር ማጨድ ሥራችን አይደለም ይላሉ። እሱ ግቢያቸውን ሊያጭድላቸው፣ የተከተፈውን ሣር በማሽኑ ከረጢት እየያዘ ለላሞቹ ሊያመጣ ተስማሙ። ብር የሚባል ነገር አልተነሳም። የእነሱ ሣር ያጥራል፣ የእኛ ላሞች ይጠግባሉ።

ችግሩ ማሽኑ አይነሳም። ገመዱን ሲስቡት አንዴ ይስላል፣ ከዚያ ዝም። ሳህሉ ሳበው፣ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ዘርሁንም ሞከረ። ዘርሁን የጓሮዋን ክፍል የተከራየን የወላይታ ሰው ነው፤ ግንበኛ ነው፣ የሚሠራበት ሕንፃ ስለቆመ ቤት ይውላል። ጴንጤ ስለሆነ «በኢየሱስ ስም» ብሎ ሳበው። አልተነሳም። እኔ በልቤ እመቤታችንን ጠርቼ ሳብኩት። ለእኔም አልተነሳም። በዚህ በኩል እኩል ነን።

ስለ አገሩ የምትሰማው አያስጨንቅህ። መንገዱ አንዳንድ ቀን ይዘጋል፣ አንዳንድ ቀን ይከፈታል። ኦቦ ዱቤ መስክ ላይ የተተከለው፣ አዲስ አበባን ወደ እኛ ሊያሰፋ የነበረው የማስተር ፕላኑ ችካል፣ ፕላኑ ቀርቷል ከተባለም በኋላ እዚያው ቆሟል። እሱ ዙሪያውን ያጭዳል።

ሞተሩን ምን እናድርገው?

እትዬህ አጸደ


ሮተርዳም፣ መስከረም 24 ቀን 2009 ዓ.ም.

የተከበሩ እትዬ አጸደ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዝናብ እየዘነበ ነው። እዚህ ሁልጊዜ ይዘንባል፤ ስለዚህ ይህ ወሬ አይደለም። እበላለሁ። እንቅልፉን አልዋሽዎትም፣ እንደ ቀኑ ነው። የጋሽ ሳህሉን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ለእርስዎም በሩቅ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ።

የምኖርበት ሰፈር ከባሕሩ በታች ነው። ተረት እንዳይመስልዎት። ባሕሩን የሚያግደው ግንብ ባይኖር ባሕሩ እዚህ ክፍሌ ውስጥ፣ ከአልጋዬ በላይ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ በብስክሌት ስሄድ ቦዩ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ቀና ስል የጀልባ ሆድ አያለሁ። ሰው ሁሉ ለምዶታል። እኔም ለምጄዋለሁ። አንዳንዴ ብቻ፣ ምሳ እየበላሁ ሳለሁ፣ ያለ ምክንያት ጣሪያውን አያለሁ።

ወደ ማሽኑ ልመለስ።

የከተማው አትክልተኞች የጣሉትን ነው ያነሳሁት። በምሠራበት ጋራዥ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ፈትቼ ገጣጠምኩት። ሳስበው የነበረው የጋሽ ሳህሉን ወገብ ነው። ስለ ድርቆሹ ግን አላሰብኩም። ድርቆሽ ሲታሰር ስንት ጊዜ አይቼ! ኦቦ ዱቤ ልክ ናቸው።

እዚህ አንዴ ሲስቡት ይነሳ ነበር። ስለዚህ በሽታው የቤንዚን ይመስለኛል። ቤንዚን እንደ ወተት ነው፣ ሲቆይ ይበላሻል። ስልከው ጥቂት ውስጡ ቀርቶ ነበር፤ መርከብ ላይም፣ ጉምሩክም ከርሟል። እርስዎም አዲስ ቤንዚን በላዩ ጨምረውበት ከሆነ ትኩስ ወተት በእርጎ ላይ እንደ መጨመር ነው። ያለውን ሁሉ ያፍስሱት። ንጹሕ ቤንዚን ከማደያ ያስቀዱ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ በመፍቻ ይንቀሉና ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት። ከዚያ ቾክ የሚባለውን ማንሻ ይዝጉና ገመዱን ይሳቡ።

ይነሳል። እርግጠኛ ነኝ።

ወሬውን በስልኬ አያለሁ። ቢሾፍቱ የሚል ስም፣ ቡራዩ የሚል ስም። ስሙን አነባለሁ፣ ከሥሩ ያለውን ሳላነብ እዘጋዋለሁ። ደህና ነን ይበሉኝ።

የእናንተው ፍቅረሥላሴ


ሱሉልታ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

ፍቄ፣

የሚጠብቅ አምላክ ካንተ አይራቅ። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም።

መጀመሪያ ይህን ልንገርህ፦ ስልክ አትደውል። ስልኬ ሳህሉ እጅ ነበር፤ አሁን ሌላ ሰው እጅ ነው። ዘርሁን ስልክ ላይም እንዳትደውል፤ ከውጭ የሚደወልለት ሰው ማን ነው የደወለልህ ይባላል። ምግብ ላደርስ በሄድኩ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ፖስታ ቤት እገባለሁ። ጻፍልኝ።

ያልኸውን ሁሉ አደረግን። አሮጌውን ቤንዚን አፈሰስን። ሳህሉ አዲስ ሊያስቀዳ ጀሪካን ይዞ እዚህ ሱሉልታ ወዳሉት ማደያዎች ሄደ። በጀሪካን አንቀዳም፣ ተከልክሏል አሉት። ሰበታ ፋብሪካዎች ከተቃጠሉ ወዲህ ቤንዚን ለመኪና እንጂ ለሰው እጅ አይሰጥም። ተው አልኩት፤ ሣሩ እስኪደርቅ ልጠብቅ ወይ አለኝ። ቡራዩ ማደያ የሚሠራ የድሮ ባልንጀራ አለው። እሱ ጋ ሄደ። ባልንጀራውም አላሳፈረውም፣ በዘይት ጀሪካን ቀዳለት።

አሁን የሠራውን ስማ። ሚኒባስ ውስጥ ቤንዚን አያስጭኑም፤ ረዳቱ ያወርድሃል። ስለዚህ ዘንቢል ውስጥ ከተተው፣ ጎመን ገዛና በላዩ ደረደረበት። በደጉ ዘመን ስንት ሰው እንዲህ አድርጎ ቤንዚን አስገብቷል፤ አንተም ታውቃለህ። ፍተሻው ላይ ወታደሩ በሩን ሲከፍት ሽታው ቀድሞ ወጣ። ጎመኑን አነሱት።

ለምንድን ነው ሲሉት «ሣር ላጭድበት ነው» አለ።

ወታደሩ ጓደኞቹን ጠራ። «ኑ ስሙ። በቤንዚን ሣር የሚያጭድ ሽማግሌ አግኝተናል።»

አይፈረድበትም ማለት ይከብደኛል፤ ግን የእኔም አባት ቢሰማ ይስቅ ነበር። እዚህ አገር ሣር በማጭድ ይታጨዳል፣ በቤንዚን ይቃጠላል። ደግሞ ባይደብቀው ኖሮ! ለረዳቱ ብሎ የደረደረው ጎመን ነው ጥፋተኛ ያስመሰለው።

ያለበትን አግኝቼዋለሁ። ከቡራዩ ፈቀቅ ያለ ጣቢያ ነው። ምግብ ይቀበሉኛል፣ እሱን አያሳዩኝም። የወገቡን መደገፊያ ቀበቶ እንዳወለቁበት ሰምቻለሁ። ሌሎችም አሉ፣ ብዙ ወጣቶች። መኪና መጥቶ ወደ ሩቅ የተሃድሶ ማሠልጠኛ ይወስዳቸዋል ይባላል። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንዴ ከተወሰደ ደግሞ፣ ስድሳ ያለፈው ሰው ነው።

ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ክፉ ሰው አይመስለኝም። የደከመው ሰው ነው። ስለ ማሽኑ ነገርኩት። እንዲህ አለኝ፤ «አምጪውና እዚህ ግቢ ይነሳ። ከተነሳ ባልሽ ሣር አጫጅ ነው። ካልተነሳ ሌላ ነው።» ቤንዚን ይዤ መምጣት እንደማልችል ስነግረው «ቤንዚኑማ እኛ ጋ አለ፣ ኤግዚቢት ነው» አለኝ።

ገንዘብ አትላክ። ሞተሩን አስነሳልኝ።

አጸደ


ሮተርዳም፣ ጥቅምት 21 ቀን 2009 ዓ.ም.

እትዬ አጸደ፣

ሰላምታውን ከየት እንደምጀምረው አላውቅም። እግዚአብሔር ከጋሽ ሳህሉ አጠገብ ይቀመጥ፤ ሲሚንቶው ላይ።

ደብዳቤዎን ጋራዡ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ዙሪያዬን ማሽኖች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው አንዱን ሄጄ ሳብኩት፣ ተነሳ። ሌላውን ሳብኩት፣ ተነሳ። አለቃዬ ምን ሆነሃል አለኝ። ምንም አልኩት።

«ንጹሕ ቤንዚን ከማደያ ያስቀዱ።» እኔ ነኝ የጻፍኩት። ይህን ስጽፍ በመስኮቱ አሻግሬ ማደያ አይ ነበር። ማንም ሰው ጀሪካን ይዞ ይገባል፣ ሞልቶ ይወጣል።

ይቅርታ መጠየቁ ለእርስዎ ሥራ ማብዛት ነው፤ ያጽናኑኛል። ስለዚህ ይቆይ። ማሽኑን ልጻፍ።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በካርቶን የጠቀለልኩት አዲስ ካንዴላ አለ። አሮጌውን ነቅለው ይህን ይክተቱ፤ መጀመሪያ በጣትዎ ያጥብቁት፣ በመፍቻ የሚሆነው መጨረሻ ላይ ነው። ከጎን ያለችውን ጥቁር ክዳን ይክፈቱ፣ ውስጧ እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር አለ፤ በሳሙና አጥበው ያድርቁት። ቤንዚን የሚወርድበትን ቱቦ ዘርሁን በአፉ ይንፋበት፤ መዘጋት አለመዘጋቱን ያውቃል። ቾኩን ዝጉና ሳቡ። አንዴ ከሳለ ክፈቱትና ድገሙ።

ማታ ማታ ግንቡ ላይ እወጣለሁ። በዚህ በኩል ባሕሩ፣ በዚያ በኩል ቤቶቹ ዝቅ ብለው። መብራታቸው ይታያል። ማን ላይ ምን እንደተንጠለጠለ ማንም አያውቅም። ዝም ብዬ ነው። አያስቡኝ።

የአሮጌው ካንዴላ ጫፍ ምን እንደሚመስል ይጻፉልኝ። ደረቅ ነው? እርጥብ ነው? ቀለሙስ? ሐኪም ምላስ አውጣ እንደሚል ነው።

ፍቅረሥላሴ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ፍቄ፣

ካንዴላህ በደህና ደርሷል፤ አንተንም በደህና ያቆይህ።

አልተነሳም።

አስቀድመን እዚህ ሞክረን ብንሄድ ጥሩ ነበር፤ ቤንዚን ከየት ይምጣ? ስለዚህ እንደ ጻፍኸው ሁሉንም አዘጋጅተን፣ ዘርሁን የአትክልት አይሱዙ ለምኖ፣ ማሽኑን በድንች ጆንያ መሐል ጭነን ሄድን። ፍተሻው ላይ ይህ ምንድን ነው አሉን። የሣር ማጨጃ ስንል ተያዩ። ወሬው ደርሷቸዋል ማለት ነው፤ አንዱ «ያ ሽማግሌ እውነቱን ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ያን ስሰማ ልቤ ሞቀ። ባይሞቅ ይሻለኝ ነበር።

መርማሪው ጀሪካኑን ራሱ ይዞት ወጣ። ወረቀት ተለጥፎበታል። በጥንቃቄ፣ እንደ ጠበል፣ ትንሽ ቀዳልን። ዘርሁን ሳበ። ሳለና ዝም አለ። ሳበ። ዘበኞቹ ከበው ቆሙ። አንዱ «ፍየልም ቢሆን እንዲህ አይሳብም» አለ፣ ሳቁ። ዘርሁን ላቡ ጠብ እስኪል ሳበ፤ እኔ ሳብኩ፤ መጨረሻ ላይ መርማሪው ራሱ ኮቱን አውልቆ ሳበ። እሱ ሲስበው ይነሳ እንደሆነ ብዬ ጸለይኩ። እንዲነሳ ፈልጎ ነበር፣ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። ከዚያ ኮቱን ለበሰና ፊቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

«እናቴ፣ ይሄ ቆርቆሮ ነው» አለኝ።

እንደገና ላምጣው ብዬ ለመንኩት። መኪናው ሳይመጣ ከሆነ አምጪው አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

የጠየቅኸኝ ካንዴላ፤ አዲሱም አሮጌውም ሲነቀሉ እርጥብ ናቸው። ጫፋቸው እንደ ምጣድ ቂጥ ጥቁር ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ቱቦው አልተዘጋም። ስፖንጁን አጥቤያለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። እኅቴ ገነት ከሰበታ መጥታ አብራኝ ሰንብታለች። እሷ ደግሞ በማጽናናት ፈንታ ከምድጃዬ ጋር ትጣላለች። ለሳህሉ የምወስደውን ባቄላ ስንቀቅል፣ ሰበታ ቶሎ ይበስል የነበረው እዚህ ውኃው ፈልቶ ፈልቶ ባቄላው ድንጋይ ነው ትላለች። ሱሉልታ ድሮም እንዲህ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ ላይ ተቀምጠን ምን ይበስላል? ጥሬውን ላድርስለት አልችልም፤ ሳህሉ ጥርስ የለውም። ገና በሌሊት እጥደዋለሁ።

ይህን ለምን እንደምጽፍልህ አላውቅም። ምናልባት የሚጻፍ ሌላ ስለሌለ ነው።

አጸደ


ሮተርዳም፣ ኅዳር 13 ቀን 2009 ዓ.ም.

እትዬ አጸደ፣

ይህን በፈጣን መልእክት ነው የላክሁት፤ ፖስታ ቤት በሄዱ ቀን እንዲያገኙት እየጸለይኩ ነው። ሰላምታዬን እዚህ መስመር ላይ አስቀምጬ ልለፍ።

ባቄላው።

ደብዳቤዎን አንብቤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሥራ ዋልኩ። ማታ ሻይ ጣድኩ። ውኃው ሲፈላ ቆሜ እያየሁት ነበር፤ ባቄላው ትዝ አለኝ፣ ተቀመጥኩ።

እናንተ ከፍታ ላይ ናችሁ። አየሩ ስስ ነው። ውኃ ሳይግል የሚፈላው፣ ባቄላው የማይበስለው ለዚህ ነው። ሞተርም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። ይህን ማሽን ያስተካከልኩት እዚህ፣ ከባሕር በታች፣ አየር ወፍራም በሆነበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። የቤንዚኑን ልክ የሰጠሁት ለዚህ አየር ነው። እናንተ ዘንድ ሲመጣ ቤንዚኑ ያው፣ አየሩ ግን ትንሽ። ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ይታፈናል። ካንዴላው የሚረጥበው፣ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ቾኩን ዝጉ እላለሁ! ቾክ አየር መዝጊያ ነው። ለታፈነ ሰው አፍና አፍንጫውን ያዙት ብዬ ነው የጻፍኩላችሁ።

የሚደረገው ይህ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ሥር ስኒ የምታህል ብረት አለች፤ በአንድ የነሐስ ቡሎን ተይዛለች። ቡሎኑን ይፍቱት፤ ጥቂት ቤንዚን ይፈስሳል፣ አይደንግጡ። ቡሎኑ ላይ መርፌ የማታስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለች፤ ቤንዚኑ የሚያልፈው በእሷ ነው። ቀዳዳዋን ማጥበብ አለብን። ከተጣለ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ከመዳብ ጭራዎቹ አንዲቱን ብቻ ይምዘዙ። በቀዳዳዋ ያሳልፏት፣ ሁለቱን ጫፍ አጥፈው ያስቀሯት፤ ሞተሩ እንዳይስባት። ቡሎኑን መልሰው ያጥብቁት። ካንዴላውን በደንብ ያድርቁ። ቾኩን አይንኩት። ክፍት ይሁን። ቤንዚን ማዞሪያውን ዘግተው ጥቂት ጊዜ ሳቡት፣ የታፈነው ይውጣ፤ ከዚያ ከፍተው ሳቡ።

ሌላ የምለው አለኝ፤ ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ።

ቤንዚኑ አላረጀም ነበር። ወይም ቢያረጅም ችግሩ እሱ አልነበረም። የነበራችሁ ይበቃ ነበር። ጋሽ ሳህሉ ቡራዩ መሄድ አልነበረባቸውም።

እዚያ ተወልጄ ያደግሁት ሰው ነኝ። ዳገቱን በሩጫ እወጣው ነበር። አገሩ ከፍ ያለ መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት ለማንም ማስረዳት አልችልም። አልረሳሁትም። አላሰብኩትም። የትኛው እንደሚከፋ አላውቅም።

ፍቅረሥላሴ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 28 ቀን 2009 ዓ.ም.

ፍቄ፣

ደስ ያለው ሰው ሰላምታ አያስረዝምም። ሳህሉ ቤቱ ነው። ይህን ስጽፍ ከበሩ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፣ ጀርባው ይታየኛል።

እንዳልኸው አደረግን። ቡሎኑን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ የዘርሁን ጣት ግንበኛ ጣት ነው፣ ለእንዲህ ያለ አይሆንም። የመዳቧን ጭራ ለማሳለፍ ዓይኔ እምቢ አለኝ። ኦቦ ዱቤ መጥቶ ሰላምታውን «አካም ቡልተኒ» ብሎ ሳይጨርስ መነጽሩን አወለቅሁበት። በእሱ መነጽር አሳለፍኳት። ዘርሁን ከአንድ ባጃጅ ሹፌር የለመናትን ጭላጭ ጨመርን። በሦስት ሃይማኖት አፍ ዝም አልን፤ ኦቦ ዱቤ ዋቄፈታ ነው። ሳብኩት። ፍቄ፣ ተነሳ። ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። አንዷ ላም ገመዷን በጥሳ ሄደች። ማንም አልተከተላትም።

በማግስቱ አይሱዙው ላይ ነበርን። መርማሪው ሲያየን አልተደሰተም፤ መኪናው ነገ ነው የሚመጣው አለ። ጀሪካኑን ግን አመጣ። በሁሉ ፊት ሳብኩት።

መጀመሪያ ሞተሩ ተኮሰ። ጥይት የመሰለ ድምፅ። አንዱ ዘበኛ መሬት ላይ ተኛ፣ ሌላው መሣሪያውን አቀባብሎ ወደ እኛ አዞረ። ልጅ ነው። ዘርሁን እጁን አነሳ። እኔ ማንሳት እንዳለብኝም አላሰብኩም፤ ገመዱን እንደያዝኩ ቀረሁ። የፈራሁት መሞትን አይመስለኝም። በቃ አሁን ማሽኑን ይወስዱታል ብዬ ነው የፈራሁት።

መርማሪው በእጁ የልጁን አፈሙዝ ዝቅ አደረገ። ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ «ይድገሙት» አለኝ።

ደገምኩት። ተነሳ።

ሞተሩ ብቻ ነበር የሚጮኸው። መርማሪው በጣቱ እስከ ግንቡ ድረስ አሳየኝ፤ ማጨድ አለብኝ ማለቱ ነው። አጨድኩ። የጣቢያው ሣር እስከ ጉልበቴ ነበር። እየገፋሁ ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ ተመለስኩ። በሕንፃው ጀርባ ከፍ ብላ የተቀደደች መስኮት አለች፤ ከብረቱ ውጭ ጣቶች ይታያሉ። የሳህሉን ልለይ ሞከርኩ። በጣም ብዙ ጣት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለቀቁት። «ሣር አጫጅ ነው» ብሎ ፈረመለት መርማሪው። ቀበቶውን መለሱለት። ጀሪካኑን ግን አልመለሱም።

ቤንዚኑ አላረጀም ነበር ያልኸውን ለሳህሉ አላነበብኩለትም። አላነብለትምም። አንተም ከእንግዲህ ለራስህ አታንብበው። መነሳቱን ያገኘኸው ከገነት ሐሜት ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይዘለው ነበር። እናትህን ያስታውሰኛል፤ እሷም ሰው የተናገረውን አትጥልም ነበር።

ሳህሉ ይበላል። ባቄላ ግን እምቢ ብሏል፣ አይፈረድበትም። ጥቂት ይናገራል። የቪላዎቹ ዘበኞች መጥተው መቼ ታጭድልናለህ አሉት፤ ወገቤን አሞኛል አላቸው። ማሽኑ የሚገፋ እንጂ የሚያጎነብሱለት አይደለም። አይነካውም። በአጠገቡም አያልፍም፤ ወደ ላሞቹ ሲሄድ በጓሮ ይዞራል። ለፍቅረሥላሴ ሁለት መስመር ጻፍለት፣ ልጁ እዚያ ብቻውን ራሱን እየበላ ነው አልኩት። ብዕሩን መልሶ ሰጠኝ።

ትናንት ማታ ነው ያወራኝ። ያን ቀን ሞተሩ ሲነሳ እስረኞቹ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተንጠላጥለው ነበር አለ። ጣታቸውን አይተሻል አይደል አለኝ። የገዛ ቤተሰባቸው ሠርግ ይመስል ተቃቅፈው፣ ድምፃቸውን አፍነው ዘለሉ። «ፋዘር፣ ተነሳልህ!» እያሉ ትከሻውን መቱት። አንዱ የራሱን ጃኬት በግድ አለበሰው፣ ስትወጣ ይበርድሃል ብሎ። ጃኬቱን አሁንም ለብሶታል፤ ትልቅ ነው፣ እጅጌው ጣቱን ይሸፍነዋል። ጠዋት እሱ በበሩ ሲወጣ መኪናው በዚያው በር ይገባ ነበር። የገባው ሊወስዳቸው ነው።

የጃኬቱን ባለቤት ስሙን ጠየቅሁት። አቤኒ ነው አለኝ። ምን አድርጎ ነው አልኩት።

«ዳቦ ልገዛ ነው የወጣሁት ነው የሚለው» አለ ሳህሉ። «እኔ አምነዋለሁ። ግን አጸደ፣ ዳቦ ገመድ የለው፤ ምኑን ስቦ ያሳያቸው?»

አጸደ